ቆጠራው ሦስተኛው ቤት ላይ ለምን ይቆማል?

የወሎ ሰው መቁጠር ያውቅበታል። ልጅ ሊዳር ሲታሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የወንዱን ወገን በአንድ በኩል፣ የሴቷን ወገን በሌላ በኩል ይደረድራሉ። «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ…» እያሉ እስከ ሰባት ቤት ይወጣሉ። በተለይ በክርስቲያኑ ዘንድ ከሰባት ቤት በታች የሚገናኝ ስም ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። ድሮ ርስትም የሚጠየቀው በዚሁ ቆጠራ ነበር። በአባቱም ሆነ በእናቱ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት መድረስ ያቃተው ሰው መሬት ላይ ድምፅ አልነበረውም።

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ግን ይህ ቆጠራ ድንገት ቀጥ የሚልባቸው ቤቶች አሉ። «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የ… ዐረቡ ልጅ።» ከየት የመጣ ዐረብ? ከየመን። ከየመን የት? ዝም። ወይም ደግሞ «እገሌ የ… ጣሊያኑ ልጅ።» ማን የሚባል ጣሊያን? አሁንም ዝም። ሙያው ይታወቃል፤ ሱቅ ነበረው፣ ሹፌር ነበር፣ መንገድ ይሠራ ነበር ይባላል። መልኩም በልጅ ልጆቹ ፊት ላይ አለ። ቆጠራው ግን ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤት ላይ ደርሶ ይቆማል።

ዛሬ የምንጽፈው ስለዚያ ዝምታ ነው። የምንለውም አንድ ነገር ነው፦ ብዙዎቹ ስሞች ጨርሰው አልጠፉም። ከፊላቸው እኛው ከተማ ውስጥ ባለ አሮጌ መዝገብ፣ ከፊላቸው ባሕር ማዶ ባለ ቤተ መዛግብት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በአንዲት አሮጊት ትዝታ ውስጥ ተቀምጠዋል። መዝገቡ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አሮጊቷ ግን አትጠብቀንም።

ሁለት ዓይነት እንግዳ

እስቲ መጀመሪያ ማን እንደመጣ እንይ።

ደሴ ውስጥ «ዐረብ ገንዳ» የሚባል ሰፈር አለ። «ገንዳ» በኦሮምኛ ሰፈር፣ መንደር ማለት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ «ፒያሳ» አለ፤ እሱ ደግሞ ጣሊያንኛ ነው። በዐረብ ስም የተሰየመ፣ በኦሮምኛ የተጠራ፣ በአማርኛ የሚኖርበት ሰፈር! የከተማዋን የዘር ሐረግ ማወቅ የፈለገ ሰው ሌላው ቢቀር ከሰፈሮቹ ስም ይጀምር።

የየመን ነጋዴዎች ወደ ወሎ የገቡት በአሰብና በጅቡቲ በኩል፣ ከባሕሩ ወደ ደጋው በሚያወጣው የንግድ መንገድ ነው። ከፊሎቹ ከሐድረሞት፣ ከፊሎቹ ከሰሜን የመን ተራሮች የወጡ ነበሩ። ሱቅ ከፈቱ፤ ጨርቁን፣ ስኳሩን፣ ቆዳውን ነገዱ። በየከተማው የጉልት ሳይሆን የመደብር ንግድ ሲታሰብ «ዐረብ ቤት» የሚለው ቃል እስኪለመድ ድረስ ማለት ነው። ሃይማኖቱ ስለሚገጥም የወሎ ልጅ አገቡ። ልጆቻቸው አማርኛ ተናገሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው ከአማርኛ ሌላ የሚያውቁት ቋንቋ አልነበራቸውም።

ጣሊያኖቹ የመጡበት መንገድ ሌላ ነው። የፋሺስት አውሮፕላኖች ደሴን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ እዚያው እያሉ ደበደቧት። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ ገባ። ከወታደሩ ኋላ መንገድ ሠሪው፣ ሹፌሩ፣ መካኒኩ፣ ግንበኛው ተከተለ። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ጎዳናና ከአሰብ በሚሌና በባቲ የሚወጣው ጎዳና የሚገናኙት ኮምቦልቻ ላይ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ የወጣ ሰው ሁሉ ያን ሥራ በእግሩ ያውቀዋል። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ደሴ ላይ የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን ለእንግሊዝ ወገን ጦር ሰጠ። ወታደሩ ተማርኮ ወደ ኬንያና ወደ ሌሎች አገሮች ካምፖች ተጋዘ። የእጅ ሙያ የነበራቸው ጥቂቶች በኢትዮጵያ ቀሩ። ሁለቱም ዘንድ ልጆች ነበሩ።

በዐረቡና በጣሊያኑ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ ለፈላጊም ቁልፉ ይኸው ነው። ዐረቡ በኒካሕ ነው ያገባው። የእሱም የአባቱም ስም በምስክር ፊት ተጠርቷል። ስለዚህ በዐረቡ በኩል ስሙ አለ፤ የጠፋው መንደሩ ነው። በጣሊያኑ በኩል ግን ስሙ ራሱ እንዳይጻፍ በሕግ ተከልክሏል!

ስም በሕግ ሲሰረዝ

ይህን የመጨረሻውን ነገር ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ እንቆይበት።

ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. የሮማ መንግሥት አንድ ድንጋጌ አወጣ። በቅኝ ግዛቱ ያለ ጣሊያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይፈረድበታል የሚል ነው። ሰውዬው «ማዳማ» ይዞ ይኖር የነበረው በዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነበር ማለት ነው። በስሙ ልጅ ማስመዝገብ ራሱን እንደ መክሰስ ሆነ።

ይህ አልበቃ ብሎ ግንቦት 5 ቀን 1932 ዓ.ም. ሌላ ሕግ ወጣ። ክልስ ልጅ በጣሊያናዊ አባቱ ሊታወቅ አይችልም፤ የአባቱን የቤተሰብ ስም መያዝ አይችልም፤ የማሳደጉም ወጪ ሙሉ በሙሉ በአገሬው እናት ላይ ይወድቃል አለ። እንግዲህ አስቡት! አባት ወድዶ እንኳ «ልጄ ነው» ብሎ መፈረም የማይችልበት ዘመን ነበር። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ አባቱ ባይጻፍ፣ በእናቱ አባት ወይም በእንጀራ አባቱ ስም ቢጠራ፣ ወንጀለኛዋ እናቱ አይደለችም። ባዶው መስመር ሮማ ላይ ተረቅቆ የመጣ ነው።

በአንጻሩ የኢትዮጵያ የዜግነት ሕግ ቀድሞም በሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በአባቱ ወይም በእናቱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ ነበር። አባት አገር ሲገፋ እናት አገር ተቀብላለች። ይህን ለክልስ ልጆች ማንም ነግሯቸው ያውቃል? እንጃ!

የእኛም ቤት ቀዳዳ

ሁሉንም በጣሊያን ላላክክ አንልም። የእኛም ቤት ሁለት ቀዳዳዎች አሉት።

የመጀመሪያው የስም አጠራራችን ነው። የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው የምንይዘው። መልካም ልማድ ነው፤ ለመጤ ልጅ ግን ወንፊት ይሆንበታል። እስቲ በምሳሌ እናስበው። ሳላህ አሕመድ የተባለ ሰው ከሐድረሞት መጣ እንበል። አገሩ ላይ ከስሙ ቀጥሎ የቤተሰቡ ወይም የጎሳው ስም ይጠራ ነበር። ደሴ ላይ ልጁ አሊ ሳላህ አሕመድ ተባለ። የልጅ ልጁ ሙሐመድ አሊ ሳላህ ሆነ። የልጅ ልጅ ልጁ ደግሞ ኢብራሂም ሙሐመድ አሊ። በሦስት ትውልድ ውስጥ የቤተሰቡ ስም ቀርቶ የመጣው ሰውዬ ስም ራሱ ከመታወቂያው ወረደ! ማንም ሳያጠፋው፣ ማንም ሳይደብቀው። ሐድረሞቶች ብዙ ጊዜ «ባ» ብሎ የሚጀምር የቤተሰብ ስም አላቸው፤ ያቺ አንዲት ፊደል ተጽፋ ብትቀር ኖሮ ግማሹ ፍለጋ ባለቀ ነበር።

ሁለተኛው የመዝገባችን ታሪክ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በክብር መዝገብ እንዲጻፍ በብዙ አንቀጽ ደነገገ። ከዚያ መጨረሻ ላይ ደርሶ፣ በቁጥር 3361፣ ይህ ክፍል ሌላ ትእዛዝ እስኪወጣ ድረስ አይሠራም አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የዛሬ ሰማንያና ዘጠና ዓመት ኮምቦልቻ ውስጥ የተወለደ ሰው የልደት መዝገብ ቀበሌ ሄዶ ቢጠይቅ ምን ያገኛል? ምንም። ይህን አውቆ መነሣት ከብዙ መንከራተት ያድናል።

በመሐል ደግሞ 1967 ዓ.ም. መጣ። ትርፍ ቤትና የከተማ ቦታ ተወረሰ፤ ንግዱ ተቀዛቀዘ። ከየመን ነጋዴዎችም ብዙዎች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወጡ። አንዳንዱ ልጆቹን ይዞ፣ አንዳንዱ «ተመልሼ እወስዳችኋለሁ» ብሎ። የባሕሩ ወዲያና ወዲህ የቀሩ ወንድማማቾች ታሪክ እዚህ ላይ ይጀምራል።

ታዲያ ወረቀቱ የት አለ?

የልደት መዝገብ የለም ማለት ወረቀት የለም ማለት አይደለም። ሰው ሲወለድ ባይመዘገብ ሲያገባ፣ ሲከስ፣ ሲወርስ፣ ሲገዛና ሲሞት ተጽፎ ሊሆን ይችላል።

ለዐረቡ ወገን የመጀመሪያው በር የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነው። የቃዲ ፍርድ ቤቶች በኢትዮጵያ በመንግሥት አዋጅ የሚሠሩት ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ውርስ ሲጣራ የሟች ስም እስከ አያቱ፣ የሚስቶቹ፣ የልጆቹ፣ አንዳንዴም ባሕር ማዶ ያለ ወራሽ ስም ይጠቀሳል። አንድ የውርስ ፋይል ከአሥር የልደት ወረቀት ይበልጣል ብንል አልተጋነነም። ሁለተኛው በር የማዘጋጃ ቤትና የቀበሌ የቤት ፋይል ነው። በ1967 የተወረሰ ቤት የማን እንደነበረ ሳይጻፍ አልተወረሰምና።

ለጣሊያኑ ወገን እዚህ ያለው ዋናው በር ቤተ ክርስቲያን ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ ደብሩ ሁሉ የጥምቀት መዝገብ እንዲይዝ ያዛል፤ የወላጆችና የክርስትና አባት ስም እዚያ ላይ ይሰፍራል። ደሴና ኮምቦልቻ ዛሬ በባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ናቸው። በኦርቶዶክስ በኩል ደግሞ የክርስትና ስሙንና የክርስትና አባቱን የሚያውቅ ካህን ወይም ጎረቤት መጠየቅ ነው።

ባሕር ማዶስ? ጣሊያን ወረቀት የሚጥል አገር አይደለም። ወንድ ልጅ ሁሉ ዕድሜው ሲደርስ ለውትድርና ይመዘገብ ነበር፤ በኋላ ግንበኛም ሆነ ሹፌር ከዚያ መዝገብ አያመልጥም። መዝገቡ በየአውራጃው ባለው የመንግሥት ቤተ መዛግብት፣ በትውልድ ዓመት ተከፋፍሎ ተቀምጧል። የት እንደዘመተ፣ መቼ እንደተማረከ የሚገልጽ መስመርም ሊኖረው ይችላል። ጣሊያኖች «አንቴናቲ» (ቅድመ አያቶች ማለት ነው) ብለው በሰየሙት የኢንተርኔት ገጽ ላይ ደግሞ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የድሮ የልደትና የጋብቻ ገጾች በነጻ ይታያሉ። ለምርኮኛ ጄኔቭ ያለው የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ቤተ መዛግብት አለ። ለዐረቡ ወገን ደግሞ የእንግሊዝ የኤደን አስተዳደር ወረቀቶች ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ውስጥ ይገኛሉ።

ይህ ሁሉ ግን ያለ ሦስት ነገር አይከፈትም፦ ሙሉ ስም፣ የትውልድ መንደር፣ የትውልድ ዓመት። «ማርዮ የሚባል ጣሊያን» ብሎ ሮማ መጻፍ «ከበደ የሚባል ሐበሻ» ብሎ አዲስ አበባ መጻፍ ነው።

ከፖላንዶች አንድ ትምህርት

ይህን ሥራ ከእኛ በፊት የሠሩ ሰዎች አሉ። በአሜሪካ የሚኖሩ የፖላንድ ስደተኞች የልጅ ልጆች የአያቶቻቸውን ፈለግ በመዝገብ ሲያነፈንፉ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ኒው ዮርክ ባለው በኤሊስ ደሴት በኩል ከ1892 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የገባው ተሳፋሪ ስም በመርከብ መዝገብ ላይ አለ። ታዲያ ፈላጊዎቹ መዝገቡን ሲከፍቱ አያታቸው «ሩስያ»፣ ወይም «ኦስትሪያ»፣ ወይም «ጀርመን» ተብሎ ያገኙታል። ምክንያቱም ከ1795 እስከ 1918 (እ.ኤ.አ.) ፖላንድ የሚባል መንግሥት በካርታ ላይ አልነበረም፤ ሦስት ነገሥታት ተካፍለዋት ነበር። የደብሩ መዝገብ እንኳ በሩስያ ክፍል ከ1868 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሩስኛ ነበር የሚጻፈው። የስሙም አጻጻፍ ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል።

እነሱ ከዚህ የተማሩት ነገር ለእኛም ይሠራል። የአገር ስም ይለዋወጣል፤ መንደሩን ፈልግ። የእኛ «የመን» አያት በመጣበት ዘመን ኤደን የእንግሊዝ ናት፣ ሐድረሞት የእንግሊዝ ጥበቃ ግዛት ነው፣ ሰንዓ የኢማሙ ነው። ወረቀቱ ላይ «የመን» ላይል ይችላል። ሁለተኛው ትምህርት፦ አንድ ስም በአሥር ዓይነት እንደሚጻፍ አስብ። «ጆቫኒ» በእኛ አፍ «ጂዋኒ» ሆኗል፤ መዝገቡ ውስጥ ግን በጣሊያንኛ አጻጻፉ ነው ያለው። ሦስተኛው፦ እሱን ስታጣው ጎረቤቱን ፈልግ። ከአንድ መንደር የወጣ ሰው ብቻውን አይሰደድም፤ ሱቁን የተጋራው፣ በሠርጉ የመሰከረለት፣ አብሮት የነዳው ሰው አለ። የዚያ ጓደኛ ልጆች የመንደሩን ስም ያውቁ ይሆናል።

ስለ ዲኤንኤ ምርመራም የሚጠይቁን አሉ። ይረዳል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ምርመራው ዘመድ የሚያገናኘው ያ ዘመድ ራሱም ከተመረመረ ነው። የሚነግርህም «ይህ ሰው የሥጋ ዘመድህ ነው» የሚለውን እንጂ «አያትህ ኮምቦልቻ ላይ ምን ሠራ?» የሚለውን አይደለም።

«ዘር መቁጠር በቃን!»

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። ይህን ሐሳብ ስናነሣ ሦስት ዓይነት ተቃውሞ ይገጥመናል።

አንደኛው «ነገሩ የፓስፖርት ፍለጋ ነው» የሚል ነው። ለአንዳንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ሠርቶ ለመብላት ቢመኝ ኃጢአት አይደለም። ግን በሩ ጠብቧል። ጣሊያን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ያወጣችውና በግንቦት ያጸደቀችው ሕግ በውጭ አገር ለተወለደ ሰው በትውልድ የሚገኘውን ዜግነት በመሠረቱ ጣሊያናዊ ወላጅ ወይም አያት ላለው ወስኖታል፤ እሱም ቢሆን ልጅነቱ በሕግ የታወቀ መሆን አለበት። ባዶ መስመር የወረሰ ሰው ደግሞ ይህን ማሟላት ይከብደዋል። ስለዚህ ዛሬ ደሴ ላይ አያቱን የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው አያቱን ነው። የጋብቻም ጉዳይ አለ። ከማን ጋር በሥጋ እንደሚገናኝ አለማወቅ ሰባት ቤት በሚቆጥር አገር ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው «ገመና ማውጣት ነው» የሚል ነው። አሮጊቷ «ተወው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው» ትላለች። ይህን ዝምታ እናከብራለን። በዚያ ዘመን ወድዳ የኖረች አለች፣ ተገድዳ የኖረች አለች፣ ተርባ የኖረች አለች። ግን ኀፍረቱ ያለ ቦታው ተቀምጧል። ታዋቂው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ በጦርነቱ ጊዜ ኤርትራ ውስጥ የ12 ዓመት ልጅ ገዝቶ «እንዳገባ» በ1969 (እ.ኤ.አ.) በቴሌቪዥን ቀርቦ ሲናገር አላፈረም። ሐውልቱ ሚላን ላይ ቆሞለታል፤ በ2020 (እ.ኤ.አ.) ወጣቶች ቀይ ቀለም ደፉበት። ገዢው ሐውልት ተሠርቶለት፣ የእኛ አያት አንገቷን ደፍታ ትሙት? «ዲቃላ» የሚለውን ስድብ ሰፈር ውስጥ የሚወረውር ሰው ሳያውቀው የሮማን ሕግ ነው የሚያስፈጽመው።

ሦስተኛው ደግሞ የጓደኞቻችን ነው፤ እኛንም ያስጨነቀን እሱ ነው። «በዚህች አገር ዘር መቁጠር ያመጣውን አላያችሁም? ወሎ ደግሞ ሰውን በሰውነቱ ተቀብሎ የኖረ አገር ነው። ምን አስቆጠራችሁ?» ይሉናል። ልክ ናቸው፤ የዘር ፖለቲካው ስንት ሰው እንደበላ አይተናል። ለዓመታት የቀበሌ መታወቂያ ላይ «ብሔር» የሚል አንዲት መስመር ነበረች። የዐረብ፣ የኦሮሞ፣ የአማራና የአርጎባ ደም ያለው የደሴ ልጅ አንዱን መርጦ ሦስቱን አያቶቹን መሰረዝ ነበረበት።

ልብ በሉልን! ያ ዓይነቱ ቆጠራ ቆጠራ አይደለም። ፖለቲካው አንድ ስም ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ከዚያ አጥር ያጥራል። እውነተኛ ቆጠራ ግን አይቆምም። ደሴ ላይ በአባትም በእናትም ቆጥረህ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ሙስሊሙ ቤት ክርስቲያን ታገኛለህ፣ ክርስቲያኑ ቤት ሙስሊም፣ አማራው ቤት ኦሮሞ፣ ደገኛው ቤት ከባቲ በታች የመጣ ቆለኛ፣ ሁሉም ቤት ደግሞ አንድ መጤ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ወሎ ላይ ግን የሚስበው ወደ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። የዘር ሐረጉን ጠንቅቆ ያወቀ የደሴ ሰው ጎረቤቱን «መጤ» ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

ምን ይደረግ?

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። ይኸው የተጻፈውም እየጠፋ ነው። ደሴ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ በተያዘችበት ጊዜ የደሴ ሙዚየም ተዘርፏል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ነገር አንድ ቀን ብቻ ይበቃዋል። ዝናብ፣ ምስጥ፣ እሳት ወይም ተኩስ… የትኛው ቀድሞ እንደሚመጣ አይታወቅም።

ስለዚህ ለቤተሰብ የምንለው ይህ ነው። በዚህ ዓመት በዓል ሲያሰባስባችሁ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ትልቋን ሴት ጠይቋት። ሙሉ ስሙ ማን ነበር? የአባቱስ? ስለ ቤቱ ሲያወራ የትኛውን መንደር ይጠራ ነበር? ከማን ጋር ይሠራ ነበር? መቼ ሄደ፣ በየት በኩል? ካልፈለገች አታስገድዷት፤ ከፈለገች ግን ድምፅዋን በሞባይል ቅዱ፣ ቀኑን ጻፉበት። ከሣጥን ሥር ያለውን ፎቶግራፍ ከጀርባው ጭምር አንሡት፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀኑ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። የዐረብኛ ወረቀት ካለ «የማይነበብ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። ለሚያነብ ሰው አሳዩት።

ለሁለቱ ከተሞች አስተዳደር፣ ለሸሪዓ ፍርድ ቤቶቹ፣ ለየአድባራቱና ለየመስጊዱ የምንለው ደግሞ፦ አሮጌውን መዝገብ ከመጋዘን አውጡት። አንብቡልን አላልንም፤ ቅጂ ይኑረው ነው ያልነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። አንዱ ግቢ ያንብብ፣ ሌላው ግቢ ያንሣና ያስቀምጥ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ወመዘክር ይቀመጥ። በሕይወት ያለ ሰው ጉዳይ ያለበት ገጽ ይዘጋ፤ የባለጉዳዩ ፈቃድ ይጠየቅ። የሰማንያ ዓመቱ ግን ለልጅ ልጁ ይከፈት።

ሁሉም ፈላጊ አያገኝም፤ ይህን ደብቀን ተስፋ መሸጥ አንፈልግም። ሕግ ያጠፋው ስም አለ፣ ከባለቤቱ ጋር የተቀበረ ስም አለ። ያም ሆኖ ፈልጎ ያጣ ሰውና ጭራሽ ያልፈለገ ሰው አንድ አይደሉም። ያኛው ቢያንስ ባዶው መስመር ላይ ለምን ባዶ እንደሆነ ጽፎ ለልጁ ያወርሳል፤ አያቱም በሰው ፊት ቀና ብላ ትቀመጣለች።

እናንተም ቤት ቆጠራው የቆመበት ስም ካለ ሳይመሽ ጠይቁ።

ቸር እንሰንብት።